ሁሉም የተደበቁበት ጠዋት

ኢንስፔክተር ብሩክታይት ቢቸና ከተማ፣ ከገበያው ማዶ ወዳለው ግቢ ስትደርስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሆኖ ነበር። ሰው ተገድሏል ተብላ ነው የተጠራችው፤ ለቅሶ ግን አልሰማችም። ጎረቤቱ ሁሉ በየአጥሩ ጥግ ተኮልኩሎ አንገቱን ወደ ሰማይ ሰቅሏል። ሟቹ ወዳለበት ክፍል የሚያይ አንድ ሰው የለም።

«ምንድን ነው የምታዩት?» አለች።

«ያ የድሮን ድምፅ ይመለስ እንደሆነ ነዋ» አሏት አንድ ሽማግሌ፣ እንደ ሞኝ እያዩዋት።

ብሩክታይት ሌላ አልጠየቀችም። ያን ድምፅ ታውቀዋለች። አምና መንገድ ላይ ሳለች ከሰማይ ሲያጓራ ሰምታ፣ ማዕረጓንና ሽጉጧን እንደታጠቀች ቦይ ውስጥ ከአንዲት አህያ ጎን ተጋድማ ውላለች። አህያዋ ከእሷ ይልቅ የረጋች ነበረች። ከዚያ ቀን ወዲህ ንብ እንኳ በጆሮዋ ስር ስታልፍ መደበቂያ ትፈልጋለች። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ፖሊስ ፈራ ከተባለ ማን ይፈራዋል።

ሟቹ እዮብ ይባላል። የሃያ ሰባት ዓመት ልጅ ነው፤ ገበያው ዳር ሞባይል እየጠገነ ያድራል፤ ክፍሏን የተከራየው ከወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ነው። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ በግንባሩ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቷል። ማጅራቱ ላይ አንድ ጊዜ ተመትቷል፤ አንዱ በቅቶታል። ከጠረጴዛው ስር መዶሻ ወድቋል፤ እጀታው በጨርቅ ተጠርጓል።

በጠረጴዛው ላይ፣ ከእጁ አጠገብ፣ ከመዳፍ የማትበልጥ ጥቁር ነገር ነበረች። አራት ክንድ አላት፤ በየክንዷ ጫፍ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያክል ሞተር ተሰክቷል። ክዳኗ ተነሥቶ ሆዷ ይታያል። እዚያች ሆድ ውስጥ ሁለት ቦርድ፣ ካሜራ፣ ምስል መላኪያና የማይቆጠር ሽቦ ተጠቅጥቋል። እያንዳንዱ ሽቦ በልኩ ተቆርጧል፤ በመካከላቸው አንዲት ፍሬ ጤፍ የምታስገባ ቀዳዳ የለም። ሁለት ትንንሽ ባትሪዎች ከጎኗ ተቀምጠዋል። አራቱ ክንፎቿ ግን ገና ከወረቀታቸው አልወጡም።

«ይህች ናት ድሮኗ» አለ ኮንስታብል ይታያል፣ ከበሩ ሳያልፍ። «ገዳዩን ይዘናል፣ ኢንስፔክተር። ከሞጣ የመጣ ጓደኛው ነው። እህል ማስቀመጫው ውስጥ አስረነዋል።»

«ማን ነው የያዘው?»

«ሕዝቡ። እኔ ደርሼ ነው እንጂ በድንጋይ ሊጨርሱት ነበር።»

ስልኳ ጮኸ። አለቃዋ ናቸው።

«ድሮን አለ ነው የሚሉኝ» አሉ። «እንዲህ ከሆነ ተራ ግድያ አይደለም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከበላይ አካል መኪና ይመጣል። ልጁንም ዕቃውንም ታስረክቢያለሽ።»

«ገዳዩ ሌላ ሰው ከሆነስ?»

«እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ጊዜ አለሽ» አሏት አለቃዋ።

ሁለቱም ያውቁታል። በድሮን ስም የተወሰደን ሰው፣ እዮብን ገደልክ ወይ ብሎ የሚጠይቀው የለም። የሚጠየቀው ሌላ ነው፤ ቢመልስም ባይመልስም የት እንደደረሰ እናቱ አትሰማም።

*

ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ደጃፋቸው ላይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ደርቋል፣ ምላሳቸው ግን አልደረቀም።

«አንቺ ነሽ ትልቋ ፖሊስ? ተቀመጪ፤ ቆመሽ አትጠይቂኝ፣ አንገቴን ያመኛል።»

ብሩክታይት ተቀመጠች። «ከመጀመሪያው ይንገሩኝ፣ እማማ።»

«ከመጀመሪያውማ ኪዳን አድርሼ ሁለት ሰዓት ላይ ተመለስኩ። ግቢው ባዶ ነበር፤ የእዮብ በር ተዘግቷል። ተኝቷል ብዬ አልቀሰቀስኩትም። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መምህር ሀብተ ሥላሴ መጣ። እዮብ የተማረው ከእሱ ነው፤ የቴክኒክ ትምህርት ቤቱ መምህር። እዮብን ፈልጌ ነው፣ ግን ይተኛ፣ እጠብቀዋለሁ አለኝ። ከእኔ ጋር ተቀመጠ። ሦስት ሰዓት ላይ ያ ድምፅ መጣ።»

«ከየት መጣ?»

«ከላይ ነዋ። ከየት ሊመጣ ኖሯል? ሁለታችንም ሮጠን ከአልጋዬ ስር ገባን። መምህሩ የተማረ ሰው ነው፣ ግን ከእኔ ቀድሞ ነው የገባው። ስልኩን እንኳ ከእጁ አላስቀመጠም።»

«ከእዮብ ክፍል ነው ብለው አልጠረጠሩም?»

አሮጊቷ ተቆጡ። «የእዮብ ሲሆንማ ይነግረኛል። አራቱንም አጥር ዞሮ፣ የእኔ ነው አትፍሩ፣ ብሎ ሳይጮህ ያችን ነገር አስነሥቷት አያውቅም። የሌላው ተከራዬ የፋንታ ልጅ አርሴማ ደንግጣ አፏ ከተያዘ ወዲህ በታቦት ምሎልናል። ዛሬ ማንም አልጮኸም። ለዚህ ነው እኛም ጎረቤቱም ከሰማይ ነው ብለን የተደበቅነው።»

«ምን ያህል ቆየ?»

«እኔ ሰዓት የለኝ። አቡነ ዘበሰማያት እደግም ነበር። አምስት ስደግም ድምፁ መጥቶ፣ ቀርቦ፣ ርቆ ጸጥ ይላል። አንድ ትንፋሽ ሳልስብ ደግሞ ይጀምራል። እንዲህ እያለ ስምንት ጊዜ ተመላለሰ።»

«ስምንቱም ልክ አምስት አምስት?»

«ፊደል ባልቆጥር ጸሎቴን የማልቆጥር መሰለሽ?»

ብሩክታይት ፈገግታዋን ዋጠች። «ከዚያስ?»

«ጸጥ ሲል መምህሩ፣ እኔ ልይ፣ እርስዎ ይቆዩ፣ አለና ቀድሞኝ ወጣ። ያ የሞጣው ልጅ ከበሩ ላይ ቆሟል። መምህሩ ገፍቶት ገባ፤ ወዲያው ሞቷል ብሎ ጮኸ። እኔም ገብቼ ዓይኑን ልከድንለት፣ አፉን ልገጥምለት አልኩ።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «አገጩ እምቢ አለኝ፣ ልጄ። ስንቱን ዓይን የከደንኩ ሴት ነኝ። አሁን ሞተ የሚሉት ሰው አገጩ እንዲህ አይደርቅም። ብናገር ማን ሰማኝ? ሁሉም ልጁን ሊወግር ይሮጣል።»

ብሩክታይት ከተቀመጠችበት ተነሣች። እሷም አንገቱን ስትነካው ያው ነገር ተሰምቷት፣ ለማንም ሳትናገር ነበር የቆየችው።

*

መምህር ሀብተ ሥላሴ ጫማውን የጠረገ፣ መነጽሩን ያጸዳ፣ ቃሉን የሚመርጥ የሃምሳ ዓመት ሰው ነው። የቆዳ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ስልኩን ከቦርሳው ላይ አኑሯል።

«ልጄን ነው ያጣሁት» አለ። «ድሮኗን የነደፍኳት እኔ ነኝ። እዮብ እጄ ነበር። በመጪው ወር አዲስ አበባ ላይ ለውድድር እናቀርባት ነበር።»

«እኔ ስለ ድሮን አላውቅም» አለች ብሩክታይት። «አንድ ጊዜ ከተነሣች ምን ያህል ትቆያለች?»

«በእኔ ስሌት ሠላሳ፣ አርባ ደቂቃ። ጠዋት ያን ያህል የጮኸችውም ለዚህ ነው።»

«ጠዋት የጮኸችው እሷ ናት ማለት ነው?»

«ያን ጊዜ ስደናገጥ አልለየሁትም። በኋላ ሳስበው የእሷ ነው። ስለዚህ እዮብ እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል በሕይወት ነበር። ከዚያ ያ ልጅ ገባ።» መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «አንድ ነገር ይጠይቁት። ከተማው ሁሉ ሲደበቅ እሱ ብቻውን ቆሞ ሲሄድ ታይቷል። ያልፈራው ለምንድን ነው?»

ጥያቄው ጥሩ ነበር። ብሩክታይት በልቧ ያዘችው።

ወደ በሩ ስትወጣ ኮንስታብል ይታያል ጠጋ ብሎ፣ «መምህሩ አንድ ጊዜ ሽንት ቤት ደርሶ ተመልሷል እንጂ ከግቢው የወጣ የለም» አላት። ሽንት ቤቱ ጥልቅ ጉድጓድ ነው። ብሩክታይት ጉድጓዱን አይታ አለፈች፤ እዚያ የወደቀ ነገር በአንድ ቀን አይወጣም።

ፋንታ የባጃጅ ሾፌር ነው፤ እሱም እዚሁ ግቢ ተከራይቶ ከሚስቱና ከልጁ ጋር ይኖራል። እጁን አጣምሮ ሳይጠየቅ ጀመረ።

«ልደብቅሽ አልችልም። ያቺን ነገር በድንጋይ እሰብራታለሁ ብዬዋለሁ። ሰው ሁሉ ሰምቶኛል። የስድስት ዓመት ልጄ ሁለት ወር ቃል አልተነፈሰችም።»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበርክ?»

«አንድ ሰዓት ላይ መናኸሪያ፣ ተሳፋሪ ስጭን። ሃያ ሰው ይመሰክራል። ሦስት ሰዓት ላይ ለቁርስ ስመለስ ድምፁ ያዘኝ። ባጃጄ ስር ገባሁ። እንዲህ ያለ ወንድ ነኝ። ከዚያ ስር ሆኜ የልጁን እግር አየሁ። ቦርሳ አንጠልጥሎ በመካከል ዝም ብሎ ይሄዳል።»

«ሌላ የተለየ ነገርስ? ትንሽም ቢሆን።»

«የእኔ ነገር ምን ይጠቅምሻል። ባጃጄ ላይ ሙዚቃ የምከፍትባት ስፒከር ነበረችኝ፤ ትናንት ጠፋች። ገበያ ስለነበር ግማሹ ከተማ ተሳፍሯል። መምህሩም ተሳፍሯል፣ ቄሱም ተሳፍረዋል።»

«በገመድ የምትሠራ ናት?»

«ኧረ በብሉቱዝ። እዮብ ነበር የገጠመልኝ። ስልክ ላይ ስትወጣ የሚታየውን የፋብሪካ ስሟን ቀይሮ በልጄ ስም አድርጎልኛል። አርሴማ ትላለች።» ፋንታ ፊቱን አዞረ። «ልሰብርበት ስዝት እንኳ ልጄን አይጠላም ነበር።»

*

እህል ማስቀመጫው ጨለም ያለ ነው። የሞጣው ልጅ ሙሐመድያሲን እጁን ወደ ኋላ ታስሮ ከጆንያ ላይ ተቀምጧል። ከንፈሩ ተሰንጥቋል። በሩ ሲከፈት መላ ሰውነቱ ዘለለ።

«ፍቱት» አለች ብሩክታይት።

ሲፈታ ገመዱ የበላውን እጁን አሸ። ሞጣ ውስጥ ሬዲዮና ስልክ ይጠግናል፤ አባቱ ነጋዴ ነበር፣ እናቱ ዑሙሰልማ ሱቁን እስከ ዛሬ ይዛለች። ከእዮብ ጋር የተዋወቁት ዕቃ ሲለዋወጡ ነው። ድሮኗን ሁለቱ በአሥር ወር ሠሯት፤ እዮብ ቦርዱን፣ እሱ ሞተሩንና ባትሪውን።

«ለምን አልተደበቅህም?» አለችው።

«የእኛ ድምፅ ነዋ። በእጄ የሠራሁትን ለምን እፈራለሁ? እሷ እንደ ትልቁ ድሮን ሰማይ አትደርስም እኮ። በኋላ ግን ፈራሁ። በሩ ላይ ደርሼ አንኳኳሁ፤ መልስ የለም። ድምፁ ከክፍሉ ነው የሚወጣው፤ ይርቃል፣ ይመለሳል። በተዘጋች ክፍል ውስጥ ወዴት ነው የምትርቀው? አእምሮዬን የሳትኩ መሰለኝ።»

«በሩን ለምን አልከፈትከውም?»

«ድሮን ተነሥታ ሳለ በር አይከፈትም። ክንፏ ጣት ይቆርጣል። እኔና እዮብ የተማማልንበት ነው። እስክትቆም ጠበቅኩ።»

«በአንድ ባትሪ ምን ያህል ትቆያለች?»

«አራት ደቂቃ። ካስቸኮሏት ሦስት።»

«ሠላሳ ደቂቃስ?»

ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። «ያን ያህል ባትሪ ካሸከምናትማ ከመሬት አትነሣም፣ ኢንስፔክተር። ማን ነው እንዲህ ያለዎት?»

«ዛሬ ምን ልትሠራ መጣህ?»

«ትናንት እዮብ ደወለልኝ። መምህሩ ድሮኗን በራሱ ስም ለውድድር አስመዝግቧታል። አሁን ደግሞ ከአዲስ አበባ፣ ሠሪው ራሱ ዳኞች ፊት ፈትቶ ይግጠማት የሚል ደብዳቤ መጥቶበታል። እዮብን፣ ረዳቱ ነኝ ብለህ አብረኸኝ ና፣ ዝም ብለህ ግጠምልኝ፣ ብሎ ለመነው። እዮብ እምቢ አለ። ነገ ና፣ ሁለታችን በስማችን እንጽፍላቸዋለን፣ አለኝ። ከሞጣ በመጀመሪያው ሚኒባስ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተሳፈርኩ። ሾፌሩን ይጠይቁ፤ ከፊት ወንበር ነበርኩ።»

«መምህሩ ድሮኗ ስትበር አይቷት ያውቃል?»

«ሜዳ ላይ ያበረርናትን ቪዲዮ ልከንለት ነበር። አንዱን በረራ፣ ከመነሣት እስከ ማረፍ።» እጁን አፉ ላይ አደረገ። «ድምፁ፤ ጠዋት የሰማሁት ድምፅ እሱ ነው።»

ብሩክታይት ወጥታ ለሞጣው ሚኒባስ ሾፌር ደወለች። ሾፌሩ ልጁን ያስታውሰዋል፤ ሦስት ሰዓት ሲሆን ነው መናኸሪያ ያወረደው። ሰዓቷን አየች። ስምንት ተኩል ሆኗል።

*

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉንም ግቢው መሀል ሰበሰበቻቸው። ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ በርጩማቸው ላይ፣ መምህሩ ወንበር ላይ፣ ፋንታ ከባጃጁ ተደግፎ፣ ሙሐመድያሲን በይታያል ጎን። ጎረቤቱ በአጥሩ ላይ ተንጠልጥሏል። የእዮብን ጠረጴዛ አስወጥታ ድሮኗን ክፍት እንዳለች መሀል አኖረቻት። ሰው ሁሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«መምህር» አለች። «ነዳፊዋ እርስዎ ነዎት። ፎቶዋን አንሥተናል፤ እስቲ ይክደኗት።»

«በሐዘን ላይ ነኝ።»

«አራት ብሎን ነው።»

መምህሩ ካቻቢቴውን አነሣ። ክዳኑን ሊገጥመው ሞከረ፤ አልገጠመም። ካሜራውን ገፋው፤ የታችኛው ቦርድ ብቅ አለ። ቦርዱን ሲጫን ሽቦ ታነቀ። ግንባሩ ላብ አወጣ። ካቻቢቴው ከብሎኑ ጋር ሲጋጭ አጥሩ ድረስ ይሰማል።

«ይበቃል። ሙሐመድያሲን፣ አንተ ሞክር።»

የልጁ እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ድሮኗን ሲነካት ግን እጁ ቆመ። ካሜራውን ጨርሶ አወጣው። የሞተሮቹን ሽቦ ወደ ጎን አስተኝቶ ቦርዶቹን አስቀመጠ፣ ምስል መላኪያውን በሰያፍ አስገባ፣ ካሜራውን ከሁሉ በኋላ መለሰው። ክዳኑ ራሱ ገባ። አራቱን ክንፎች ከወረቀት አውጥቶ ገጠመ፣ ባትሪ አሰረ።

«ልታስነሣት ነው?» አለ አንዱ ከአጥሩ ላይ፤ ከዚያ ራሱ ጠፋ።

ብሩክታይት አሥር ጊዜ ይቅር ልትል ከጀለች። ወደ አሮጊቷ ዞረች።

«እማማ፣ ለጎረቤቱ ይንገሩልኝ።»

ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ መቋሚያቸውን ይዘው አራቱንም አጥር ዞሩ። «የእኛ ነው። አትፍሩ፣ እንደ ዶሮ አትበታተኑ። የእኛ ነው» እያሉ።

ሙሐመድያሲን ድሮኗ የምትልከውን ምስል የሚያሳየውን የእዮብን መነጽር ዓይኑ ላይ አስሮ መቆጣጠሪያዋን ያዘ። ድሮኗ ጮኸች፤ ከጠረጴዛው ላይ እንደ ተወረወረ ድንጋይ ተነሣች። ሴቶች አማተቡ። ፋንታ ከባጃጁ ስር ሊገባ አጎንብሶ፣ ከዚያ በግድ ቀና አለ። ብሩክታይት ዓይኗን ከሰዓቷ አላነሣችም፤ ሰዓቱን ባታይ እንደምትሮጥ ታውቀዋለች። አንድ ደቂቃ። ሁለት። ድሮኗ በባሕር ዛፉ መሀል ታልፋለች፣ ትመለሳለች። ሦስት። ሦስት ተኩል ላይ አቅም አጣች፤ ልጁ ቀስ አድርጎ አወረዳት። አራት ሳይሞላ መሬት ላይ ዝም አለች።

«አራት ደቂቃ» አለች ብሩክታይት። «አሁን ስሙኝ። ጠዋት ያ ድምፅ ሠላሳ ደቂቃ ጮኸ። ባትሪ ሁለት ነው ያለው። ስምንት ጊዜ ቆሞ ስምንት ጊዜ ተነሥቷል፤ በመካከሉ አንድ ትንፋሽ። በአንድ ትንፋሽ ባትሪ የሚቀይር ሰው የለም። ሲርቅና ሲቀርብም ተሰምቷል፤ ድሮኗ ግን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ክንፍ እንኳ ሳይገጠምላት ተቀምጣለች። ስለዚህ የጮኸችው እሷ አይደለችም። ሜዳ ላይ የተቀረጸ አንድ በረራ ነው፤ እየተደጋገመ የተከፈተ።»

«ማን ነው የከፈተው?» አለ ፋንታ።

«እንዳትቸኩል። እዮብ ሳይናገር አያስነሣትም፤ ዛሬ አልተናገረም። አልተናገረም ምክንያቱም ሞቷል። አገጩ የደረቀው አንድ ሰዓት ገደማ ስለተገደለ ነው፤ እማማ ኪዳን ላይ ነበሩ፣ ግቢው ባዶ ነበር። ፋንታ መናኸሪያ ነበር። ሙሐመድያሲን ሚኒባስ ላይ ነበር። ገዳዩ በኋላ ተመልሶ ከምስክር ጎን መቀመጥና እዮብ እስከ ሦስት ተኩል ሕያው ነበር ማሰኘት ፈለገ። ወደ ክፍሉ ማንም እንዳይገባ ደግሞ ጠባቂ አላስፈለገውም። እኛን ያውቀናል። ያን ድምፅ ስንሰማ ሁላችን እንደምንደበቅ፣ ወደ ላይ እንጂ ወደ ጎን እንደማናይ ያውቃል። ፍርሃታችንን ነው ዘበኛ ያቆመው።»

ብሩክታይት ወደ መምህሩ ዞረች።

«አንድ ነገር ብቻ አላወቀም። ሙሐመድያሲን ቢሆን ገዳዩ፣ ለአራት ደቂቃ ብቻ ይከፍተው ነበር፤ እሱ ባትሪዋን የሠራ ነው። ሠላሳ ደቂቃ የሚያስጮኻት፣ ሠላሳ ደቂቃ የምትቆይ የሚመስለው ሰው ነው። እንዲህ ያለኝ አንድ ሰው ነው። መምህር፣ ሠራኋት ያሉትን ነገር አያውቋትም።»

መምህር ሀብተ ሥላሴ በቀስታ ተነሣ። «ይህ ግምት ነው። ሠላሳ ዓመት አስተምሬ በግምት አልሰደብም። ድምፁ ሲጮህ እኔ ከአልጋ ስር ነበርኩ፣ ከእሳቸው ጎን።»

«ስልክዎን ይዘው። እዮብ ክፍል ውስጥ ስፒከር ትተው። ድምፁን ሲያቆሙት ቀድመው የገቡት እሷን ለማንሣት ነው። ከዚያ ሽንት ቤት ሄደዋል። ጉድጓዱን አላስቆፍርም፤ ስልክዎን ብቻ ይስጡኝ።»

እጁ ወደ ኪሱ ሄደ። ይታያል ቀደመው። ብሩክታይት መቆለፊያውን አስከፍታ ስልኩን ለሙሐመድያሲን አቀበለችው። «ከማን ጋር እንደተገናኘ አሳየኝ።»

«ቪዲዮውን አጥፍቶታል» አለ ልጁ። «ይህን ግን ማጥፋት ረስቷል።» ስልኩን ለፋንታ ዘረጋለት።

ፋንታ አነበበ። ሁለተኛ አነበበ። በብሉቱዙ ዝርዝር ውስጥ፣ ከመምህሩ መኪናና ከትምህርት ቤቱ ማተሚያ ቀጥሎ፣ አርሴማ የሚል ስም ነበር። ፋንታ ጡጫውን ጨብጦ ወደ መምህሩ ተራመደ፤ ሦስት እርምጃ ሄዶ ቆመ፣ ተመልሶም ባጃጁ ላይ ተቀመጠ።

መምህሩ እንደገና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። መነጽሩን አወለቀ፤ አልጠረገውም።

«እኔ ነበርኩ ያስተማርኩት» አለ ለማንም ሳይሆን። «ሽቦ ከሽቦ መለየት እኔ ነበርኩ ያስተማርኩት። አንድ ጊዜ ብቻ ስሜ ቢጠራ ምን ነበረበት? ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ሥራውን እየሠራ፣ አይሆንም፣ መምህር፣ አለኝ።»

«እና ከኋላው መታኸው» አሉ ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ። «ከዚያ ከአልጋዬ ስር ገብተህ ከእኔ ጋር ጸሎት ደገምክ። ውሰዱልኝ፣ ከፊቴ አንሡት።»

*

ይታያል መምህሩን በእግሩ ወደ ጣቢያ ወሰደው። አሥር ሰዓት አልፏል። አሁን ለቅሶው ተነሣ፤ ጎረቤቱ ከአጥሩ ወርዶ ወደ ግቢው ገባ፣ ጠዋት ድንጋይ ያነሡት እጆች አሁን ደረት መቱ።

ብሩክታይት ሙሐመድያሲንን ወደ ጥግ ሳበችው። «የሞጣ የመጨረሻ ሚኒባስ ሊወጣ ነው። ሂድ። መኪናው ሳይመጣ ሂድ።»

«እዮብስ?»

«እዮብ ሞቷል፣ አንተ ግን ገና ነህ። ወረቀቱን እኔ እጽፋለሁ፤ ግን የሚመጡት ሰዎች ወረቀት የሚያነቡ ይሁኑ አይሁኑ አላውቅም። እውነቱን ልንገርህ፣ እፈራለሁ።»

ልጁ ወደ መናኸሪያው አቅጣጫ አየ። «አሥር ወር አብረን ሠርተናል» አለ። «ሳልቀብረው ብሄድ እናቴም ደጅ አታስገባኝ።» ሄዶ ቃሬዛ ከሚያበጁት ወንዶች መሀል ገባ። ሰዎቹ ተያዩ። ከዚያ አንዱ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀለት።

ልክ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነጭ መኪና ከደጁ ቆመ። ሦስት ሰዎች ወረዱ። ለቅሶው በአንዴ ጸጥ አለ።

«ባለ ድሮኑ ልጅ የት ነው?» አለ የፊተኛው።

ብሩክታይት ወረቀቷን ይዛ ወደ በሩ ተራመደች። ከመድረሷ በፊት ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ መቋሚያቸውን በበሩ አግድም አድርገው ቆመው አገኘቻቸው።

«ቤቱ የእኔ ነው» አሉ አሮጊቷ። «ሬሳ አለኝ። ገዳዩን የምትፈልጉ ከሆነ ጣቢያ ነው፤ ስሙ ሀብተ ሥላሴ ነው። ልጅ ካላችሁ ግን እዚህ ያለው አስከሬን ሊሸከም የመጣ እንግዳዬ ነው። ቀብር ልትመጡ ከሆነ ጫማችሁን አራግፋችሁ ግቡ።»

«እናቴ፣ ዞር ይበሉ።»

«አልልም።»

ፋንታ ከባጃጁ ወርዶ ከአሮጊቷ ቀኝ ቆመ። አንድ ጎረቤት ከግራ ቆመ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ማንም ወደ ሰማይ አላየም። ብሩክታይት በመካከላቸው አልፋ ወረቀቱን ለፊተኛው ሰው ዘረጋች።

«ምርመራው ተዘግቷል» አለች። «ገዳዩ አምኗል፤ ምስክር አርባ ሰው ነው፤ ስማቸው በሙሉ ተጽፏል። ዕቃዋ በኤግዚቢትነት በእኔ እጅ ናት። ልጁን ልውሰድ የሚል ካለ፣ ስሙን ከዚህ ስር ጽፎ ይፈርምልኝ።»

ሰውዬው ወረቀቱን አነበበ። ሕዝቡን አየ። እስክሪብቶ ዘረጋችለት፤ ጥቂት ቆሞ አያት፤ አልተቀበላትም።

መኪናው ወደ ኋላ ተጠምዝዞ እስኪሄድ ብሩክታይት አልተነቃነቀችም። ሲርቅ ግድግዳውን ይዛ ቁጢጥ አለች። ከኋላዋ ወንዶቹ ቃሬዛውን አንሥተው ወጡ፤ በፊተኛው ግራ ማዕዘን ሙሐመድያሲን ነበር።